ዲግሪው ሳጥን ውስጥ፣ ልጅቷ ከባንኮኒው ኋላ

ጥያቄ፦ «ለዝግጅት ክፍሉ ሰላምታዬ ይድረስ። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ባለፈው ሰኔ ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄያለሁ። ውጤቴ 3.12 ነው፤ የመውጫ ፈተናውንም 61 አምጥቼ አልፌያለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ከቤተሰቤ ጋር ነኝ። ቴምፖራሪ ዲግሪዬ እናቴ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ እኔም ሱቋ ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጬ እውላለሁ። አባቴ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው አስተማሪ ነው፤ ‹ማስተርስሽን አሁኑኑ ቀጥዪ፣ ካቋረጥሽ አትመለሺበትም› ይለኛል። ኮተቤ የሚኖረው አጎቴ ‹እኔ ጋ ሆነሽ ሥራ ፈልጊ› ብሎኛል፤ ቤቱ የኪራይ ነው፣ ልጆቹም አራት ናቸው። አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ በቪዚት ቪዛ ዱባይ ገብታ ‹ነይ፣ ዲግሪ ላለው እዚህ ሥራ ሞልቷል› እያለች ትደውልልኛለች። እስካሁን አሥራ አንድ ቦታ አመልክቼ የጠራኝ የለም፤ ሁሉም ልምድ ይላል። ‹ሥራ ያዝሽ?› የሚለኝ ሰው ስለበዛ ከቤት መውጣት እያስጠላኝ መጥቷል። የቱን ልያዝ? ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን።»

መልስ፦ እህታችን፣ ደብዳቤሽ የደረሰን መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ቀኑን የምናነሳው በምክንያት ነው። ከዘረዘርሻቸው መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የሚዘጋ አንድ በር አለ፤ አንቺ በደብዳቤሽ አላነሳሽውም። የሚዘጋውም ጥቅምት 30 ነው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። ደረጃ «ሀ» የሚባሉት፣ ሙሉ የሂሳብ መዝገብ የሚይዙት ትልልቅ ግብር ከፋዮች የዓመቱን ሂሳብ ዘግተው ግብራቸውን የሚያስታውቁት ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ተምረሽዋል። ክፍል ውስጥ የማይነገረው ግን፣ ብዙው ነጋዴ ደረሰኙን በፌስታል ቋጥሮ ወደ ሂሳብ ባለሙያው የሚሮጠው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን ሁለት ሰው ብቻ ያለው የሂሳብ ቢሮ በወረቀት ይጥለቀለቃል። የሚቸግረው ደግሞ የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያ አይደለም። የግዥ ደረሰኝን ከወጪ ደረሰኝ የሚለይ፣ በቀናቸው ቅደም ተከተል የሚደረድር፣ ኤክሴል ላይ ሳይሳሳት የሚያስገባ እጅ ነው የሚቸግረው። ለአዲስ የአካውንቲንግ ተመራቂ በዓመቱ ውስጥ ከዚህ የሰፋ በር አናውቅም። ስለዚህ ከዚህ እንጀምር፤ ማስተርሱ፣ አዲስ አበባውና ዱባዩ ይደርሳሉ።

ደብረ ብርሃን ላይ «የሂሳብ ሥራና የግብር ማማከር» የሚል ታፔላ ያንጠለጠሉ ቢሮዎችን ፈልጊ። አምስት ያህሉን መዝግቢና በአካል ሂጂ፤ በስልክ አይሆንም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ብትሄጂ ባለቤቱን የማግኘት ዕድልሽ ይሰፋል፤ መካከሉን ብዙ ጊዜ ገቢዎች ቢሮ ነው የሚያሳልፈው። ንግግርሽ አጭር ይሁን፦ «ባለፈው ሰኔ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ደረሰኝ መለየትና ኤክሴል ላይ ማስገባት እችላለሁ። እስከ ጥቅምት 30 ላግዝዎት፤ የትራንስፖርትና የምሳ ቢችሉኝ ይበቃኛል። ሥራዬን አይተው ከዚያ በኋላ እንነጋገር።» ሲቪሽን አስቀምጠሽ ብቻ አትመለሺ። «መቼ ልምጣ?» ብለሽ ቀን ይዘሽ ውጪ።

እዚያ ከገባሽ በኋላ የመጀመሪያው ትምህርትሽ አንዲት ደረሰኝ ናት። የገዢው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በትክክል ተጽፏል? ቀኑ በበጀት ዓመቱ ውስጥ ነው? ቫቱ ተለይቶ ተቀምጧል? ጠቅላላው 11,500 ብር ከሆነ የዕቃው ዋጋ 10,000፣ ቫቱ 1,500 ነው፤ 11,500ን ለ1.15 ታካፍያለሽ ማለት ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የ11,500ን 15 በመቶ ወስዶ 1,725 ይጽፋል። መቶ ደረሰኝ ላይ እንዲህ ከተሳሳትሽ ባለቤቱ ሌሊቱን ሁሉ ሲያርም ያድራል፣ በማግስቱም አይጠራሽም። በየ20 ደረሰኙ ቆም በይ፤ ያስገባሽውን ድምር በካልኩሌተር ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ። ፍጥነት በሳምንቱ ይመጣል።

ቀስ በቀስ ደግሞ የአንድን ድርጅት ሥራ ከፌስታሉ ጀምሮ ግብሩ እስከሚታወቅበት ድረስ ተከታትለሽ ለማየት ጠይቂ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የቀኑን ጠቅላላ ሽያጭ የሚያሳየው ወረቀት፣ ከሽያጭ መዝገቡ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ፣ የባንክ ስቴትመንቱ ከመዝገቡ የሚለየው ባልተመነዘረ ቼክ ይሁን ባልተመዘገበ የባንክ ክፍያ፣ የሠራተኞች የሥራ ግብርና ጡረታ በየወሩ እንዴት እንደሚታወቅ ተመልከቺ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን ትችያለሽ?» ሲሉሽ የኮርስ ስም ከመደርደር ይልቅ «የአንድ ሕንፃ መሣሪያ መደብር የ12 ወር ሽያጭና ግዥ አስገብቻለሁ፣ ባንኩንም አስታርቄያለሁ» ማለት ትችያለሽ። የደንበኛውን ስም ግን አትጥሪ፤ የሰው ሂሳብ ምስጢር ነው።

ከሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ። አንደኛው፣ በነፃ ማገዝሽ ጥቅምት 30 ላይ ያብቃ። ከኅዳር 1 ጀምሮ ወይ በደመወዝ ቅጥር ይሁን፣ ወይ የሠራሽበትን ጊዜና የሠራሽውን ሥራ የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጥሽና ተሰናበቺ። «ትንሽ ቆዪ፣ እናያለን» የሚል ሰው እስከ ፋሲካ ያቆይሻል። ሁለተኛው፣ ያልተፈጸመ ግዥ ደረሰኝ ሲገባ ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ። ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም ወንጀል ነው፤ «ታዝዤ ነው» ማለትም ያስገባችውን ልጅ አያድናትም።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ወረቀቶችሽን ከእናትሽ ሳጥን አውጪያቸው። ቴምፖራሪውን፣ ስቱደንት ኮፒውን፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱን፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱንና መታወቂያሽን አንድ ላይ አስቀምጪና በስልክ ካሜራ ሳይሆን በስካነር ወደ ፒዲኤፍ አስቀይሪ። ለእያንዳንዱ ፋይል በስምሽና በወረቀቱ ዓይነት ስም ስጪው። ዋናውን ወረቀት ላሚኔት አታስደርጊ፤ በኋላ ለማረጋገጫ ማኅተም ሲፈለግ ፕላስቲክ ላይ ማኅተም አይይዝም። ፋይዳ ከሌለሽ አውጪ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ስትቀጠሪ ትጠየቂያለሽ።

ከዚያ ስምሽን በእንግሊዝኛ ከወረቀት ወረቀት አስተያዪ። የአባት ስም አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ» ሌላው ላይ በሁለት፣ ወይም «ጸ» አንዱ ላይ በ«ቲኤስ» ሌላው ላይ በ«ቲ» ብቻ ተጽፎ ይገኛል። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ይዛነፋል። ሥራ ካገኘሽ በኋላ ይህን ለማስተካከል ፈቃድ ጠይቀሽ ስትመላለሺ ከመቸገር፣ አሁን ጊዜ ሳለሽ ሬጅስትራር ሄደሽ ጨርሺው።

የወጪ መጋራቱን ጉዳይም እወቂው። በየዓመቱ የፈረምሽው ውል ላይ የተመዘገበው ዕዳ አለ፤ ኦርጅናል ዲግሪሽንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽን ለማውጣት ይህን መክፈልሽን ማሳየት ይጠበቅብሻል። ጠቅላላውን መጠን ከዩኒቨርሲቲሽ በጽሑፍ ጠይቂና ያዢው። ስትቀጠሪ አሠሪው ከደመወዝሽ 10 በመቶ እየቆረጠ ያስገባል። ተቆራጩ በስምሽ ገቢ ስለመሆኑ ማስረጃውን በየጊዜው ጠይቀሽ አስቀምጪ፤ ሥራ የቀየረ ሰው ሁሉ በኋላ የሚቸገረው በዚህ ወረቀት ነው።

ከባንኮኒው ኋላ መቀመጥሽን እንደ ውርደት አድርገሽ ጽፈሻል። እኛ ደግሞ የልምምድ ቦታ አድርገን ነው ያየነው። እናትሽን አስፈቅደሽ የሱቁን የአንድ ወር ሂሳብ ሥሪ። አንድ እሑድ ማታ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ዕቃ በሙሉ በተገዛበት ዋጋ ቁጠሪ። 84,000 ብር ወጣ እንበል። በወሩ የገባውን ግዥ በየቀኑ መዝግቢ፤ 62,000 ሆነ። በወሩ መጨረሻ እንደገና ቁጠሪ፤ 79,000 ቀረ። ስለዚህ ከመደርደሪያው የወጣው ዕቃ 67,000 ነው። ከዚህ ውስጥ ግን ለቤታችሁ የወጣ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና አለ፤ እሱን ለብቻ ከመዘገብሽ፣ 4,000 ቢሆን፣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 63,000 ይሆናል። ሽያጩ በእጅ የገባው 60,300፣ በዱቤ የወጣው 11,200፣ ድምሩ 71,500። የወሩ ጥቅል ትርፍ 8,500 ብር ነው፤ ኪራይና መብራት ገና አልተቀነሰም።

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ሦስት ቦታ ይበላሻል። ዕቃው በመሸጫ ዋጋ ከተቆጠረ ትርፉ ሳይሸጥ መዝገብ ላይ ይወጣል። ለቤት የሚወጣው ካልተጻፈ ሱቁ የከሰረ ይመስላል። ዱቤው ከሽያጩ ጋር ካልተደመረ ደግሞ ወሩ ከእውነቱ በታች ያሳያል፤ የ11,200 ብር ዕቃ ከመደርደሪያው ወጥቶ ገንዘቡ ገና ሰው እጅ ነው። እናትሽ እስካሁን መሳቢያው ውስጥ ያደረውን ብር ትርፍ ብለው ይዘውት ከሆነ፣ ይህን ወረቀት ሲያዩ ልጃቸው ምን እንደተማረች ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው ያያሉ። አንቺም ሁለት ገጽ ሪፖርትና አንድ የኤክሴል ፋይል ይኖርሻል። ቃለ መጠይቅ ስትሄጂ አትመሽ ያዢው። ልምድ የለሽም ለሚል ቀጣሪ ይህን የሚያህል መልስ የሚያሳይ አዲስ ተመራቂ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አሥራ አንዱ ማመልከቻ እንመለስ። ማስታወቂያው ሁለት ዓመት የሚል ከሆነ ያንን ከቁጥር አውጪው፤ ዜሮ ዓመት ላለው ሰው አልወጣም። «ዜሮ ዓመት»፣ «አዲስ ተመራቂ»፣ «ጁኒየር»፣ «ትሬይኒ» የሚሉትን ብቻ ለይተሽ ብትቆጥሪ ምናልባት ሦስት ወይም አራት ነው ያመለከትሽው። ይህ ደግሞ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቁጥር አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አምስት እንደዚህ ያለ ማስታወቂያ ፈልጊና ቀኑን፣ መደቡን፣ ያመለከትሽበትን መንገድ በደብተር ያዢ። የባንኮችን የአዲስ ተመራቂ ቅጥር ጥሪ አትለፊው፤ ጥሪው ሲወጣ የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሆነ ፋይልሽ ቀድሞ ዝግጁ ይሁን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ደግሞ ዛሬም ቢሆን ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ በሳምንት አንድ ቀን ዞር ዞር ብለሽ እዪ።

የምታመለክችበትን የሥራ መደብም አስፊው። «አካውንታንት» የሚለውን ቃል ብቻ ስትፈልጊ ካሸር፣ ኮስት ክለርክ፣ ስቶር ኪፐር፣ የግዥ ሠራተኛ፣ የፔይሮል ረዳት የሚሉት ያልፉሻል። ያለሽበት ከተማ ደግሞ የብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካዎቹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ዩኒቨርሲቲው ያሉበት ነው። ፋብሪካ ውስጥ የጥሬ ዕቃ ወጪና ገቢ የሚመዘግብ፣ የፈረቃ ሠራተኛ ሰዓት የሚያሰላ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። በፋብሪካ የአንድ ዓመት የኮስት ክለርክነት ልምድ አዲስ አበባ ላይ ስታመለክቺ ትልቅ ክብደት አለው፤ የማምረቻ ወጪ የሚያውቅ ጀማሪ ብዙ አይገኝምና። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትንም አትርሺ።

ካሸርነት ወይም ስቶር ከተገኘ ዋስ ይጠይቁሻል። አባትሽ የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለሆኑ መጀመሪያ የሚታሰቡት እሳቸው ናቸው። ዋስ መሆን ደብዳቤ ማጻፍ ብቻ አይደለም፤ ጉድለት ቢገኝ ከእሳቸው ሊጠየቅ ነው። ስለዚህ የቀኑን ሂሳብ ሳትፈርሚና ሳታስፈርሚ አንድም ቀን አትውጪ። የካዝና ቁልፍ «ለአምስት ደቂቃ» ብለሽ ለማንም አትስጪ። በደረሰኝ ያልወጣ ብር፣ የጠየቀሽ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢሆን እንኳ፣ ከእጅሽ አይውጣ።

የጽሑፍ ፈተና ሲጠሩሽ ፔይሮል መምጣቱ አይቀርም፤ እዚህ ላይ አዲስ ተመራቂዎች በብዛት ይወድቃሉ። የተማራችሁበት መጽሐፍ ከግብር ነፃ የሚያደርገው የመጀመሪያውን 600 ብር ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ግን ሕጉ ተቀይሯል። አሁን እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። 9,000 ብር ደመወዝ እንውሰድ። በመጀመሪያው 2,000 ላይ ምንም፣ በሚቀጥለው 2,000 ላይ 300፣ በሚቀጥለው 3,000 ላይ 600፣ በቀሪው 2,000 ላይ 500፤ ግብሩ 1,400 ብር። ፈተና ላይ ጊዜ ለመቆጠብ 9,000ን በ25 በመቶ አባዝተሽ 850 ብትቀንሺ ያው 1,400 ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ 630፤ አሠሪው በራሱ በኩል የሚጨምረው 11 በመቶ ከደመወዝሽ አይቆረጥም። የወጪ መጋራት 10 በመቶ 900። እጅሽ የሚገባው 6,070 ብር ነው።

ይህን ቁጥር የአጎትሽን ግብዣ ስታስቢም ያዢው። ከኮተቤ ሜክሲኮ የሚያስኬድ ሥራ ብታገኚ መገናኛ ላይ ስለምትቀይሪ በቀን አራት ጊዜ ታክሲ ትይዣለሽ፤ በወር 26 የሥራ ቀን ከሠራሽ 104 ጊዜ ማለት ነው። የዛሬውን የታክሲ ዋጋ በዚያ አባዢና ከ6,070 ቀንሺ። በተረፈው ምሳ፣ ልብስና ለአጎትሽ ቤት የምታዋጪው ይሸፈናል? ደብረ ብርሃን ከእናት ከአባትሽ ቤት እየተመላለስሽ በ7,000 ብር መሥራት፣ አዲስ አበባ በ9,000 ከመሥራት የበለጠ ገንዘብ የሚያስተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ሥራ ለመፈለግ ብለሽ ኮተቤ አትግቢ፣ ነው የምንልሽ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ አጎትሽ ጋ አንድ ሌሊት አድረሽ በማግስቱ ከላምበረት መናኸሪያ ትመለሻለሽ። የአጎትሽን ደግነት ለሚያስፈልግሽ ጊዜ አስቀምጪው፤ የቅጥር ደብዳቤ በእጅሽ ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እነሱ ጋ ሆነሽ ቤት ትፈልጊያለሽ። ያኔ ስትገቢም የምትወጪበትን ወር ለአጎትሽ ብቻ ሳይሆን ለሚስቱም ንገሪያቸው። አራት ልጆች ባሉበት የኪራይ ቤት ጓዳው የሚከብደው በእሳቸው ላይ ነውና። ባዶ እጅሽንም አትሂጂ።

አባትሽ የፈሩት ነገር እውነትነት አለው። ሥራ ይዘው፣ ትዳር መጥቶ፣ ትምህርቱን ሳይመለሱበት የቀሩ ሞልተዋል፤ በአስተማሪነት ዘመናቸውም ብዙ አይተው ይሆናል። ቢሆንም ያለ አንድ ቀን ልምድ የተያዘ የአካውንቲንግ ማስተርስ በግሉ ሥራ ብዙ አያስኬድም። ማስተርስ የሚጠይቁ መደቦች አብዛኛዎቹ ከጎኑ አራትና አምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። ዜሮ ዓመት የሚሉት ደግሞ ዲግሪ ነው የሚፈልጉት፤ ማስተርስ ያላትን ሲያዩም «ብዙ አትቆይም» ብለው ያልፏታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዕድሜሽ 25፣ ልምድሽ ዛሬ ያለው፣ ማለትም ዜሮ ሆኖ ትመጫለሽ። ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ፍላጎትሽ ከሆነ ብቻ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ማስተርሱ ይቅደም።

ለአባትሽ «አይሆንም» ይዘሽ አትሂጂ። የድኅረ ምረቃ መግቢያውን አገር አቀፍ ፈተና ምዝገባው ሲከፈት ተመዝግበሽ ተፈተኚ፤ ትምህርቱ ገና ከአእምሮሽ አልጠፋም፣ ጥያቄውንም ታውቂዋለሽ። ከዚያ «አባዬ፣ ሥራ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ በቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም እገባለሁ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌም መረጃ ከሥራዬ አገኛለሁ» በያቸው። ዓመተ ምሕረቱን ጠርተሽ ንገሪያቸው። አባትሽን የሚያስጨንቃቸው ቀን የሌለው ተስፋ ነው፤ ቀን ያለውን ይሰሙሻል ብለን እናምናለን። ኤሲሲኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫም አማራጭ ነው፤ በጠቅላላው 13 ፈተና አለው፣ በዲግሪሽ የተወሰኑት ሊቀሩልሽ ይችላሉ። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ ግን ደመወዝ ሳትይዢ አትጀምሪው።

ዱባይን በተመለከተ ቃላችን አጭርና ጥብቅ ነው። በቪዚት ቪዛ መሥራት በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ቪዛው ሲያልቅ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠራል። ጓደኛሽን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያት፦ «የሥራ ውልሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የሥራ መደብሽ ምን ይላል?» ውል ካላት፣ መደቡም የሂሳብ ከሆነ፣ እሰየው። ዝም ካለች ወይም ወሬ ከቀየረች መልሱን አግኝተሻል፤ እሷንም አትውቀሻት፣ ብቻዋን ሆና ይሆናል የምትጠራሽ። በዲግሪሽ በሕጋዊ መንገድ ልትሄጂ የምትችይበት ቀን ቢመጣ ኦርጅናል ዲግሪሽ እዚህ በትምህርት ባለሥልጣኑና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በኤምባሲያቸው መረጋገጥ አለበት። በቴምፖራሪ ይህ አይሆንም። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ ያኔ ዋጋሽን ይለውጠዋል። ለቪዛው ብሎ አባትሽን ወይም አጎትሽን ብር የሚያስበድር ደላላ ቢመጣ በሩን ዝጊበት።

እዚሁም ቢሆን «የመመዝገቢያ» ወይም «የሥልጠና ማስያዣ» እያለ በስልክ ብር ላኪ የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ ከኋላው ሥራ የለውም። ቀጣሪ ደመወዝ ይከፍላል እንጂ አይቀበልም።

ሥራ ስታገኚ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ስድስት ወር ሙከራ ነሽ» ካሉሽ ሕጉ እንደማይፈቅድ እወቂ። ሥራ ስትለቂ የልምድ ደብዳቤሽ ላይ የጀመርሽበትና ያበቃሽበት ቀን፣ የሥራ መደብሽ፣ ደመወዝሽና የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይጻፍ። የመጨረሻው ከሌለ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የግል ድርጅት ልምድን አይቆጥሩልሽም። ብዙ ልጆች ሦስት ዓመት ሠርተው ዜሮ ዓመት የሆኑት በዚህች አንዲት መስመር ነው።

ከቤት መውጣት እያስጠላኝ መጣ ያልሽው አሳስቦናል። «ሥራ ያዝሽ?» ለሚልሽ «እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሂሳብ ቢሮ ልምምድ ላይ ነኝ» የሚል እውነተኛ መልስ ሲኖርሽ መንገዱ ይቀልልሻል ብለን እናስባለን። ይህ ሁሉ ሆኖ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቀሽ ግን ለእናትሽ ንገሪያቸውና ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ሱቁን ማን ይይዛል? አንቺ ጠዋት ስትወጪ እናትሽ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው፤ ይህ ካልተነጋገራችሁበት በሁለተኛው ሳምንት ጠብ ይሆናል። ዛሬ ማታ ቁጭ በሉና ሰዓቱን ተካፈሉ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ቢሮ፣ ከዚያ እስከ መዝጊያው አንቺ ባንኮኒው ላይ፣ እሳቸው ዕረፍት። የመጀመሪያው ቆጠራም በዚህ እሑድ ማታ ይሁን፤ ሁለት ሰው ከሆናችሁ፣ አንዱ እየጠራ አንዱ እየጻፈ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል።